ክርክር፦ በ28ቱ ጦርነት ጦራችንን የሰበረው አውሮፕላን ነው?

የክርክሩ ጥያቄ ከላይ ያለው ነው፤ «28ቱ» የሚባለው በ1928 ዓ.ም. የተጀመረው የፋሺስት ጣሊያን ወረራ ነው። «አዎ፣ የጣሊያን ቦምብ ጣይ ነው» የምትለው ደሴ ተወልዳ ያደገች የታሪክ አንባቢ ናት። «ዋናው እሱ አይደለም» የሚሉት ደግሞ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ሁለቱም ስማችን ይቅር ስላሉ «የደሴ ልጅ» እና «መምህር» ብለናቸዋል።

የደሴ ልጅ፦

መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? በቀጥታ ልግባበት። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ዓድዋ ላይ ቀድሞ የደረሰው እግረኛ አይደለም፣ ቦምብ ነው። ከጣዮቹ አንዱ «ላ ዲስፔራታ» የሚባለው 15ኛው ስኳድሮን (የአውሮፕላን ጓድ) ነበር። አዛዡ ጋሌያትሶ ቻኖ፣ የሙሶሊኒ አማች። የጓዱ ስም የተወሰደው ከፍሎረንስ የፋሺስት ደብዳቢዎች ቡድን ነው። ከዚሁ ጓድ ጋር የበረረው ፓቮሊኒ ኋላ የፋሺስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ ሆኗል። በሌላ ጓድ ደግሞ የሙሶሊኒ ልጆች ቪቶርዮና ብሩኖ ይበሩ ነበር። ብሩኖ ገና 17 ዓመቱ ነው!

እነዚህ ሰዎች የመጡት ለዝና ነው። ሞት በብዛት ያለበት ቦታ ቢሆን ኖሮ የዱቼ (የሙሶሊኒ) ልጆችና አማች እንዲህ ተሽቀዳድመው ባልመጡ። ሰማዩ ባዶ ነበር፤ ወጥቶ የሚገጥማቸው አውሮፕላን አልነበረንም። በባለ ሦስት ሞተሩ ካፕሮኒ 101 ቁጭ ብለው፣ ታች ያለውን ሰው እንደፈለጉ ይመቱት ነበር። ቪቶርዮ ኋላ በጻፈው ላይ ቦምቡ መሀላቸው ሲፈነዳ የተበተኑትን ፈረሰኞች ከሚፈካ ጽጌረዳ ጋር አመሳስሏቸዋል። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ወጣሁ።

ኅዳር 26 ደግሞ የኔን ከተማ መቱ። ንጉሠ ነገሥቱ ደሴ ነበሩ። የአሜሪካ አድቬንቲስቶች ሆስፒታልና የቀይ መስቀል ድንኳኖች ተመቱ። መንገድ ላይ ያለ ሴትና ሕፃን አለቀ። ይህን ሁሉ ያደረገ መሣሪያ ጦርነቱን አልወሰነም ካሉኝ ምን እንደወሰነው ይንገሩኝ።

መምህር፦

የኔ ልጅ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ስለ ሰዎቹ ማንነት አንጣላም። እንዲያውም አንድ ልጨምርልሽ፦ ፋሪናቺ የሚባለው ትልቅ ፋሺስት እንደነሱ ለአየር ኃይል ዘምቶ ቀኝ እጁን ያጣው በውጊያ አይደለም፣ በእጅ ቦምብ ዓሣ ሊያጠምድ ሲል ነው። ሜዳሊያ ግን አላጣም!

ክርክራችን ግን ስለ ክፋታቸው አይደለም። ክፉ መሆንና ጦርነት መወሰን ለየቅል ናቸው። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 የራስ እምሩ ጦር ደምበጊና ላይ የጣሊያንን ጦር ከነትናንሽ ታንኮቹ ደመሰሰ። የጣሊያን አውሮፕላን የዚያን ጊዜ የት ነበር? እዚያው ነበር፣ ሰማዩም የሱ ነበር። ባላገሩ ግን ታንኩ ላይ እየወጣ በጎራዴ ተዋጋው።

በዚያ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ጦሩ ተበታትኖ እንዲጓዝ፣ ድንኳን በግልጽ እንዳይተክል አስቀድመው አዘዋል። ሌሊት የሚሄድንና ዋሻ ውስጥ የሚያድርን ጦር ካፕሮኒ ምን ያደርገዋል? እኛን የጎዳን ሌላ ነው። ገና ጦርነቱ ሲጀመር ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሳ ለጣሊያን ገባ፣ የመቀሌ በር ተከፈተ። የሬዲዮ መልእክታችንን ጣሊያኖች ይጠልፉት ነበር። አንድ ራስ ለሌላው ራስ አይታዘዝም፣ መድፍ የለም፣ ስንቁን ጦሩ ራሱ ተሸክሞ ነው የሚሄደው። ቅስማችን የተሰበረው ከዚህ ነው። «አውሮፕላን ነው ያሸነፈን» ማለት ትንሽ የምቾት መልስ ይመስለኛል፣ ጥፋቱን ሁሉ ወደ ሰማይ ይሰቅለዋልና።

የደሴ ልጅ፦

መምህር፣ ደምበጊናን ስላነሱልኝ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን ዘለሉ። ደምበጊና ታኅሣሥ 5 ነው። ከስምንት ቀን በኋላስ? ታኅሣሥ 13 በዚያው በራስ እምሩ ጦር ላይ፣ ተከዜ ዳር፣ አውሮፕላን ከወትሮው የተለየ ነገር ጣለ። ራስ እምሩ ራሳቸው ኋላ ተናግረውታል። የወደቀው እንደ ሌላው ቦምብ አልፈነዳም፣ መሬት ሲነካ ተሰብሮ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ረጨ። ከዚያ የሰው እጅ፣ እግር፣ ፊት ይቆስል ጀመር። ከወንዙ የጠጡትም አልተረፉም። ሐኪም የለ፣ መድኃኒት የለ፣ ራሳቸው አዛዡ እንኳ ምን እንደሚሉ አላወቁም።

የሚገርመው ሰበቡ ነው። ጣሊያኖች «ጋዝ የጣልነው አብራሪያችን ሚኒቲ ደጋሐቡር አጠገብ ተማርኮ ስለተገደለ ነው» ይላሉ። ሚኒቲ የወደቀው ታኅሣሥ 16 ነው! መርዙ ግን ሦስት ቀን ቀድሞ ተከዜ ላይ ወርዷል። ሙሶሊኒማ ገና በጥቅምት ለደቡቡ ግንባር አዛዥ ለግራዚያኒ ጋዝ እንዲጥል ፈቅዶ ነበር። ይህን ነገር የጣሊያን መንግሥት በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፣ 60 ዓመት ቆይቶ።

ስለዚህ ደምበጊና ለእርስዎ ማስረጃ ከሆነ ለኔም ማስረጃ ነው። በጎራዴ ታንክ ያሸነፈ ጦር በስምንት ቀን ውስጥ ውኃ መጠጣት አቃተው። ጫማ የሌለው ሰው የተመረዘ ሣር ላይ ይራመዳል እንጂ ምን ያደርጋል? መበታተኑ ከቦምብ ያድናል፣ ከዚህ ግን አያድንም። ጃንሆይም ጄኔቫ ላይ፣ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት፣ ይህንኑ ነው የተናገሩት፦ 9፣ 15፣ 18 አውሮፕላን እየተከታተለ ጉሙን እንደ አንሶላ ይዘረጋው ነበር። ሰው፣ ከብት፣ ወንዝ፣ ግጦሽ፣ ሁሉም። የራሶቹ አለመስማማት ነበረ፣ አልክድም። በዓድዋ ጊዜስ አልነበረም እንዴ?

መምህር፦

እሺ፣ የመጨረሻዋ ጥያቄሽ ጥሩ ናት፣ አመለጥሁ አልልም። የዓድዋው ጣሊያን ጥቂት ብርጌድ ይዞ ነው የመጣው፣ የ28ቱ በመቶ ሺዎች ተጭኖ፣ መንገድ እየሠራ። ባዶሊዮ በኅዳር ዴ ቦኖን ተክቶ የጣሊያን ጦር አዛዥ ሆኖ ሲመጣ አልቸኮለም፣ መድፍና ስንቅ ሲያከማች ከረመ። አምባ አራዶምን በየካቲት የያዘው በዚህ ክምችት ነው። አውሮፕላኑ ከመድፉ ጋር ሆኖ ሠራ፣ አልካድሁም፣ ግን አምባውን ዞሮ የከበበው እግረኛው ነው።

ማይጨውን ተመልከቺ። መጋቢት 22 ቀን 1928። ጦሩ ለማጥቃት ተዘጋጅቶ ቀኑ እየተላለፈ፣ ጣሊያን ምሽጉን አጠናከረ። ሬዲዮ ጠልፎ እንደምንመጣም ያውቃል። የክብር ዘበኛ በዚያን ቀን የተዋጋውን መዋጋት ጣሊያኖችም መስክረውለታል። እዚያ ያሸነፈን ምሽግ፣ መትረየስና መረጃ ነው።

ሌላም አለ። አውሮፕላን ይህን ያህል ወሳኝ ከሆነ አርበኞቹን ለምን አልጨረሳቸውም? አምስት ዓመት ሙሉ ያው አውሮፕላን ነበር፣ ያው ጋዝ ነበር። በ1931 ዘረት ዋሻ፣ መንዝ ውስጥ የተሸሸጉትን በመርዝ ጨረሷቸው። ግን ሸዋ ዝም አለ? ጎጃም ዝም አለ? አላለም።

የደሴ ልጅ፦

አርበኞቹ ያልጠፉት እኮ እንደ ማይጨው መዋጋት ስላቆሙ ነው። በትንንሽ ቡድን፣ ሌሊት፣ ጫካ ለጫካ። ያን ለውጥ ያመጣው ማን ነው? ቀን ቀን አናታቸው ላይ የሚያንዣብበው አውሮፕላን አይደለም? በ1933 ጣሊያን ሲባረር ደግሞ አውሮፕላኑ ከእኛ ወገን ነበር፣ የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪካ አብራሪዎች መጥተው።

ማይጨውንም እስከ ማታው ብቻ አይቁጠሩልኝ። ጦሩ ያን ቀን ወደ ኋላ ተመለሰ እንጂ አልተበተነም። የተበተነው መጋቢት 26 አሸንጌ ሐይቅ ላይ ነው። ሜዳው ግልጽ፣ መሸሸጊያ የለ፣ ከላይ ቦምብና መርዝ።

መምህር፦

ከጎንስ? የአካባቢው የራያ አዘቦ ሰዎች በጣሊያን ገንዘብና መሣሪያ ተገዝተው ከጎን ይመቱት ነበር። እነሱን ለምን ዘለልሻቸው? አውሮፕላኑ አሸንጌ ላይ የመታው አስቀድሞ የተሸነፈ ጦር ነው።

የደሴ ልጅ፦

የተሸነፈ ጦር ተመልሶ ይሰበሰባል መምህር። ከአሸንጌ በኋላ የሚሰበሰብ አልነበረም። ከዚያ እስከ አዲስ አበባ ማን ቆመ? ቻኖስ ከተማዋ ገና ሳትያዝ በአውሮፕላኑ መጥቶ አየር ማረፊያው ላይ ሊያርፍ የሞከረው ምን ተማምኖ ይመስልዎታል?

መምህር፦

ሞከረ እንጂ መች አረፈ! ከመሬት በጥይት ሲቀበሉት አውሮፕላኑን አንስቶ ተመለሰ እኮ።