ለጭነቱ ገንዘብ አለ፤ ለፍሬኑ ግን የለም

ያረጀ ኢሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ (አካሉን የሚሸከመውን ብረት) ማስረዘም፣ ስፖንዳ (የጭነት ሳጥኑን ግድግዳ) ከፍ ማስደረግና ተጨማሪ ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመውን የብረት ሞላ) ማስደረብ ኮምቦልቻ ውስጥ ቀላል ሥራ ነው፤ ባለሙያው ሞልቷል፣ ዋጋው ይታወቃል፣ ለምን ብሎ የሚጠይቅም የለም። ያንኑ መኪና በተጨመረበት ጭነት ልክ የሚያቆም ፍሬን ላስገጥም ያለ ሰው ግን ደጅ ሲጠና ይከርማል። ይህ ነገር አንገፍግፎኛል።

የምንነዳበትን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ በሐረጎ በኩል የሚወርድ መኪና በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ሾፌሩ በፍሬን ብቻ ልያዘው ካለ ያ ሁሉ ጉልበት ሙቀት ሆኖ ታምቡሮቹ (ከጎማው ጋር የሚዞሩት የፍሬን ከበሮዎች) ላይ ያርፋል። ታምቡር ሲግል ሰፍቶ፣ ከውስጥ ተጭኖ ከሚይዘው ሸራ ይርቃል፤ ሸራውም ሲግል የመያዝ አቅሙ ይከዳዋል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት ያለበት ሲሆን፣ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን መስፈርቱ ራሱ ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ዘይቱ ከፈላ እንፋሎቱ ስለሚጨመቅ ፔዳሉ ባዶውን ወለል ይነካል። በዚያ ላይ ሰርቮ የሚባለው አጋዥ መሣሪያ ፔዳሉን የሚያግዘው በውጭው አየር ግፊት ነው፤ ደሴ ላይ ደግሞ ይህ ግፊት ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ስለሚያንስ እግዛው ገና ከመነሻው ጎደሎ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የባሌስትራው ጉዳይ ነው። በብዙ የጭነት መኪኖች ላይ ከኋላ አክሰል ጋር በዘንግ የተያያዘ፣ የጭነቱን መጠን የሻንሲው ከፍታ ዝቅ በማለቱ የሚለይ ቫልቭ አለ፤ ሻንሲው ዝቅ ሲል ለኋላ ጎማዎች የሚሄደውን የፍሬን ግፊት ይጨምራል። ባሌስትራ ሲደረብ መኪናው ተጭኖም ዝቅ ስለማይል፣ ቫልቩ ባዶ መስሎት የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። ብዙ ለመጫን ተብሎ የተሠራው ሥራ ፍሬኑን በጭነት ሰዓት ያሳጣዋል ማለት ነው። ዘንጉን እንደገና ማስተካከል ከባድ ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን የጠየቅኋቸው ጋራዦች ዘንጉን ከነመኖሩም አላዩትም።

መልሳቸው «ሸራ ቀይር፣ ታምቡሩን ቶርኖ አስመታው፣ ሾፌር በማርሽ ከወረደ ይበቃል» የሚል ነው። በከባድ ማርሽ መውረድ ትክክል ነው፣ ማንም ሊተወው አይገባም፤ ሆኖም ከመታጠፊያው ወዲያ ሕፃን ልጅ ወይም ግመል መንገድ ላይ ሲገኝ መኪናውን የሚያቆመው ፍሬን እንጂ ማርሽ አይደለም። ታምቡሩም ቶርኖ ላይ በተላገ ቁጥር ስለሚሳሳ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል። አንድ ጋራዥ ደግሞ ከሌላ ሞዴል የፊት ዲስክ ፍሬን አምጥቶ በነባሩ ማስተር (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ በሚገፋው ሲሊንደር) ሊገጥምልኝ ተነሣ። የዲስክ ፒስተን ከታምቡር ሲሊንደር ይልቅ ብዙ ዘይት ይፈልጋል፤ ለታምቡር ተብሎ በተሠራ የቆየ ማስተር ውስጥ ያለው ግፊት ያዥ ቫልቭም ሳይነሣ ከቀረ ዲስኩን ሲያሻሽ ይውላል። ይህን ብነግራቸው «አንተ መካኒክ ነህ እንዴ?» አሉኝ። መካኒክ አይደለሁም፤ ገንዘብ የምከፍል፣ ሾፌሬንና ረዳቱን በሰላም ማስመለስ የምፈልግ ባለንብረት ነኝ።

መለዋወጫ ቤት ስሄድ የሚሰጠኝ ሸራ የተሠራበትም ሆነ የሙቀት አቅሙ አልተጻፈበትም፤ «ኦርጂናል ነው» ይሉኛል፣ ማረጋገጫ የለም። መኪናዬን የመረመረው ተቋምም ፍሬኑን የፈተነው ባዶውን ነው፤ ስፖንዳው ከሊብሬው ጋር አለመመሳሰሉን ግን አላነሣውም።

ሻንሲ የምታስረዝሙ፣ ባሌስትራ የምትደርቡ ባለሙያዎች፣ የቫልቩን ዘንግ ሳታስተካክሉና መኪናውን ጭናችሁ ሜዳ ላይ ሳትሞክሩት አታስረክቡ፤ ዋጋውን ጨምሩበት፣ እንከፍላለን። ማስተሩን፣ ሰርቮውንና ዲስኩን አንድ ላይ አስልቶ የሚሠራ ጋራዥ ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ፤ መኪናው እስከዚያ ድረስ ቆሟል።