ኩባንያው ሲዘጋ ዓይንን ማን ይጠግናል?

ጊዜው እ.ኤ.አ. 2013 ነው። ማየት የተሳናት አንዲት ሴት ኒውዮርክ ውስጥ በምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ደረጃ ልትወርድ ነው። ሰው የሚበዛበት ሰዓት ነው። ድንገት ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ የሚል ድምፅ ሰማች። ስልኳ አልነበረም። የጠፋው ከአራት ዓመት በፊት ዓይኗ ውስጥ የተተከለው መሣሪያ ነው። የለመደችው ጭላንጭል እዚያው ደረጃው አፋፍ ላይ ተቋረጠ። ሐኪሞች ቢሞክሩም መልሰው ሊያስነሱት አልቻሉም። ማውጣት ደግሞ ሌላ ቀዶ ሕክምና፣ ሌላ አደጋ ነው። ስለዚህ የማይሠራው መሣሪያ ዓይኗ ውስጥ ቀረ።

ይህን ታሪክ ከሌሎች ታካሚዎች ታሪክ ጋር በ2022 ያወጣው አይ ትሪፕል ኢ ስፔክትረም የተባለው የምህንድስና መጽሔት ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የሰው ልጅ በቴክኖሎጂ ከአካሉ ገደብ ስለመውጣቱ ወሬው በበዛ ቁጥር ትዝ የምትለኝ እሷ ናት።

መሣሪያው አርገስ 2 ይባላል። የሠራው የካሊፎርኒያው ሰከንድ ሳይት ኩባንያ ነው። መነጽሩ ላይ ትንሽ ካሜራ አለች። ካሜራዋ ያየችውን ቀበቶ ላይ ወደሚታሰር ሳጥን ትልካለች። ሳጥኑ ምስሉን ያቀልና ወደ መነጽሩ ይመልሰዋል፤ መነጽሩም ያለ ሽቦ ወደ ዓይን ውስጥ ያስተላልፋል። ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ግድግዳ) ላይ የተተከሉ 60 ኤሌክትሮዶች በሕይወት የቀሩትን የነርቭ ሴሎች በኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳሉ። ያኔ አንጎል ብርሃን ያያል። ቀለም የለም፣ ፊትም አይለይም። ነገር ግን በሩ የት እንዳለ፣ የዜብራው ነጭ መስመር የት እንደሚጀምር፣ ከፊት ሰው ማለፉን ያሳውቃል። ለዓመታት በጨለማ ለኖረ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ዋጋው ወደ 150 ሺህ ዶላር ነበር። ከ350 በላይ ሰዎች አስተከሉት። ከዚያ ኩባንያው አንጎል ላይ በሚተከል ሌላ መሣሪያ ላይ ላተኩር ብሎ በ2019 አርገስን ማምረት አቆመ። በመጋቢት 2020 ደግሞ ገንዘብ አጥሮት አብዛኞቹን ሠራተኞች አሰናበተ። ታካሚዎቹ ሲደውሉ ኩባንያው የውሃ ሽታ ሆነባቸው።

አንድ የኔዘርላንድ ሰው የቀበቶው ሳጥን ወድቆ ተሰበረበት። መለዋወጫ ያገኘው ሐኪሞችንና ሌሎች ታካሚዎችን ለምኖ ነው። አንድ አሜሪካዊ ደግሞ የአንጎል ዕጢ ተጠርጥሮ ኤምአርአይ (በኃይለኛ ማግኔት የሚነሳ የአካል ውስጥ ምስል) እንዲነሳ ታዘዘለት። ዓይኑ ውስጥ ያለው ብረት ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን መናገር ያለበት አምራቹ ነው። ከኩባንያው መልስ አላገኘም። ኤምአርአዩም ቀረ።

እዚህ ላይ ነው የኔ ነጥብ። ስለዚህ ቴክኖሎጂ ስንከራከር የምንጨቃጨቀው ሰው ከማሽን ጋር ይዋሃድ ወይስ አይዋሃድ እያልን ነው። ለብዙ ሰዎች ይህ ጥያቄ ድሮ አልቋል፤ መሣሪያው አካላቸው ውስጥ ነው። ያልተመለሰው ጥያቄ ከዓሥር ዓመት በኋላ አለሁ የሚላቸው ማን ነው የሚለው ነው።

ቴክኖሎጂውን እቃወማለሁ ማለቴ አይደለም። ቀደም ሲል አንገቱ ላይ በደረሰ ጉዳት ከትከሻው በታች ሽባ የሆነ አንድ ወጣት በጥር 2024 ኒውራሊንክ የተባለው ኩባንያ የሠራውን ቺፕ አንጎሉ ላይ አስተከለ። በሐሳቡ ብቻ የኮምፒውተር ቀስት እያንቀሳቀሰ ቼዝ ተጫወተ። ይህን አይቶ ደስ የማይለው ሰው ያለ አይመስለኝም። ግን ከሳምንታት በኋላ ከአንጎሉ ጋር ከተገናኙት ቀጫጭን ክሮች አብዛኞቹ ከቦታቸው ሸሹ፣ ቺፑም ተዳከመ። መሐንዲሶቹ ሶፍትዌሩን አስተካክለው ሥራውን መለሱት። መሐንዲስ ስለነበረ ማለት ነው። ደመወዝ የሚከፍል ኩባንያ ስለነበረ ማለት ነው።

የልብ ምትን በኤሌክትሪክ የሚያስተካክለውን የፔስሜከርን ታሪክ እንይ። ስዊድናዊው አርነ ላርሰን በ1958 በዓለም የመጀመሪያውን አካል ውስጥ የሚቀበር ፔስሜከር አስተከለ። መሣሪያው የሠራው ለሰዓታት ብቻ ነበር። ሌላ ተተካ፣ ከዚያም ሌላ። ሰውየው ከ20 በላይ መሣሪያ ቀያይሮ እስከ 2001 ድረስ ኖረ፤ ሲሞት 86 ዓመቱ ነበር። ያቆየው የመጀመሪያው ፈጠራ ሳይሆን የማያቋርጥ ጥገና ነው። ዛሬ ደግሞ የአንዱ ኩባንያ የልብ ሽቦ ከሌላው ፔስሜከር ጋር እንዲገጥም የሚያስችል ዓለም አቀፍ መለኪያ አለ። አንዱ አምራች ቢዘጋ ሐኪሙ የሌላውን ገጥሞ ሕመምተኛውን ወደ ቤቱ ይሸኛል። ለዓይንና ለአንጎል መሣሪያዎች እንዲህ ያለ ነገር የለም።

አውስትራሊያ ውስጥ የሆነው ይባስ ያሳዝናል። ኒውሮቪስታ የተባለ ኩባንያ የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሰዎች ሕመሙ ሊነሳ ሲል የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ አንጎላቸው ላይ ተክሎ ይሞክር ነበር። አንዲት ሴት በዚህ ሕይወቷ ተለወጠ። ማስጠንቀቂያው ሲመጣ መድኃኒቷን ትወስዳለች። ኩባንያው ከሰረና መሣሪያው ይውጣ ተባለ። እሷና ባሏ ቤታችንን አስይዘንም ቢሆን እንግዛው ብለው ተማጸኑ። አልሆነም፤ ወጣባት። ይህ ንብረት ማስመለስ ነው ወይስ ከሰው አካል መቁረጥ? ለኔ ሁለተኛው ነው።

ስለዚህ ፈቃድ ሰጪዎች መሣሪያው ይሠራል ወይ፣ አደጋ አለው ወይ ብለው ብቻ መመለስ የለባቸውም። አርገስ በአውሮፓ በ2011፣ በአሜሪካ በ2013 ፈቃድ አግኝቷል። አምራቹ ቢከስር ምን ይሆናል ለሚለው ግን ታካሚዎቹ በእጃቸው የያዙት ዋስትና አልነበረም። ኩባንያው ለዕድሜ ልክ ጥገና የሚሆን ገንዘብ ነክቶ በማይወስደው ቦታ ያስቀምጥ። ዲዛይኑንና ሶፍትዌሩን በአደራ ያስይዝ፤ ቢከስር ሌላ ባለሙያ ከፍቶ ይጠግንበት። ታካሚው ከመፈረሙ በፊት ይህን በጽሑፍ ይየው።

ይህ ትናንሽ ኩባንያዎችን ያስፈራል የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሥራው ይወደዳል፣ ይዘገያል፤ እውነት ነው። አሁን ግን ያ ወጪ አልቀረም። የሚከፍለው ታካሚው ነው፤ ያውም በአካሉ።

እኛ አገር በመለዋወጫ እጦት ቆሞ አቧራ የሚጠጣ የሆስፒታል ማሽን ያላየ ሰው ጥቂት ነው። አካል ውስጥ የሚተከሉት ነገ በእርዳታም በግዢም ሲመጡ የመጀመሪያ ጥያቄያችን ስለ ጥገናው ቢሆን እመኛለሁ።

አሁን ደግሞ አዲስ ተስፋ አለ። ፕሪማ የተባለ 2 በ2 ሚሊሜትር የሆነ የሬቲና ቺፕ በዕድሜ ምክንያት የመሐል እይታቸው ለጠፋ 38 ሰዎች በአውሮፓ ተተክሏል። በ2025 በወጣው ውጤት፣ ለአንድ ዓመት ከተከታተሉት 32 ሰዎች 26ቱ እይታቸው በጉልህ ተሻሽሏል። ፊደል መልሰው ያነበቡ አሉ። ለሕክምና ያዘጋጀው የፈረንሳዩ ፒክሲየም ኩባንያ ግን ቺፑ በእነዚህ ሰዎች ዓይን ውስጥ እያለ ከሰረ። ሳይንስ ኮርፖሬሽን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በ2024 ገዝቶ ባያነሳው ኖሮ የአርገስ ዕጣ ይደርሳቸው ነበር። ገዢው በ2025 ለአውሮፓ ገበያ ፈቃድ ጠይቋል። ተቆጣጣሪዎቹ የጥገናውን ዋስትና መጠየቅ ያለባቸው ፊርማቸውን ከማኖራቸው በፊት ነው።