ባለቤትና ተሳቢ

የአክስቴ ልጅ ለጥምቀት ከአሜሪካ ደብረ ማርቆስ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ቡናው ቶና ላይ ሳለ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ርስት መግዛቱን ነገረን። አክስቴ እልልታውን አቀለጠችው፤ ጎረቤት ተጠራ፤ ሌላ ጀበና ተጣደ። እልልታው በረድ ሲል ግን ማንኛዋም እናት የምትጠይቀውን ጠየቀች፤ ቤቱ ስንት ክፍል ነው?

«እማዬ፣ ክፍል እንኳ አይደለም» አለ ልጁ ስኒውን በእጁ እያዟዟረ። «ነጥብ ነው። 150 ነጥብ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። በእኛ አገር መሬት በጥማድ ይለካል፣ በገመድ ይለካል፣ ከተማ ሲገባም በካሬ ሜትር ይለካል፤ በነጥብ የሚለካ ርስት ግን በዚያች ሳሎን ከተቀመጥነው መካከል የሰማ አልነበረም። ጎጃሜ ደግሞ በመሬት ልኬት ቀልድ አያውቅም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር መጣ፣ መሬታችሁም ሊለካ ነው ሲባል ጠመንጃውን አንሥቶ የሸፈተ ሕዝብ ልጅ፣ የገዛውን ርስት በጣቱ ማሳየት ሲያቅተው ማየት ለጎረቤትም ያሳፍራል።

ነገሩን እሱ እንደነገረንና እኔም በኋላ አንብቤ እንደተረዳሁት ላስረዳ። ታይምሼር ይሉታል፤ አንድን የመዝናኛ ቤት ለብዙ ሰው በጊዜ ሸንሽኖ መሸጥ ነው። ሐሳቡ አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተጀመረ ሲሆን፣ በ1963 ስዊዘርላንድ ውስጥ የተቋቋመው ሐፒማግ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። በቀላሉ ሲታሰብ አንዱን ቤት ሃምሳ ያህል ሰው ይገዛዋል፤ እያንዳንዱም በዓመት አንድ ሳምንት ይተኛበታል። ሃምሳ ወንድማማች የተካፈሉት የአባት ርስት ማለት ነው፤ ልዩነቱ እነዚህኞቹ ስለማይተዋወቁ ፍርድ ቤት አይካሰሱም። የአክስቴ ልጅ አባል የሆነበት፣ የካርቱን ፊልምና የመዝናኛ ቦታዎች ባለቤት የሆነው የዲስኒ የዕረፍት ክለብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1991 ፍሎሪዳ ውስጥ ሥራ ሲጀምር፣ ሳምንቱን ትቶ በነጥብ መጣ። ገዢው በየዓመቱ የሚታደስ የነጥብ ድርሻ ይኖረዋል፤ እያንዳንዱ ክፍል ለእያንዳንዱ ሌሊት የነጥብ ዋጋ ወጥቶለታል፤ ዋጋው ለገና ሰሞን ይወደዳል፣ ሰው በማይበዛበት ወር ይረክሳል። ዘንድሮ ያልተነካ ነጥብ ለከርሞ ይተላለፋል፤ የከርሞውንም ዘንድሮ ተበድሮ መጠቀም ይቻላል። ይህን የመጨረሻውን ስትሰማ አክስቴ «እህልን በቡቃያው መብላት ማለት አይደል?» አለች፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ብድሩ ያስረዳት አላስፈለገም።

የገዛ ሰው ድርሻው ባለበት ማረፊያ ከ11 ወር በፊት፣ በሌሎቹ የክለቡ ማረፊያዎች ደግሞ ከ7 ወር በፊት ቦታ መያዝ እንደሚችል ሲነግራት «እግዚአብሔር ቢፈቅድ የሚል ቦታ አለው?» ብላ ጠየቀች። ይበልጥ የከበዳት ግን መዋጮው ነበር። ባለ ነጥቡ ሄደም አልሄደም፣ ተኛም አልተኛም፣ ለጥገናና ለአስተዳደር በየዓመቱ፣ በነጥቡ ብዛት ልክ ይከፍላል፤ ክፍያውም ዓመት ዓመትን ሲተካ ሽቅብ እንጂ ቁልቁል መሄድ አይወድም።

«ዕድር ነዋ!» አለች አክስቴ፣ ነገሩ የገባት መስሏት ደስ እያላት። «የኛስ ዕድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል። ያንተ ምን ይተክላል?»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ወግ ባልጻፍሁት ነበር። ነገር ግን አብሮት የመጣ፣ እንደ እሱ ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነበር፤ ዝምተኛ ነው፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ቆሎውን ሲቆረጥም ነበር የቆየው። አጎቴ አንዱ ነጥብ ስንት እንደሆነ ጠይቆ፣ የአክስቴ ልጅም ከዋናው፣ ከራሱ ከክለቡ፣ አንዱን ከ200 ዶላር በላይ እንደገዛው፣ ድምሩም ከ30,000 ዶላር እንዳለፈ ሲናገር፣ የፍኖተ ሰላሙን ልጅ ቆሎ አነቀው። ውሃ ተሰጠው፤ ጀርባው ተመታ። ከዚያም ተንኮል በሌለበት ድምፅ፣ እሱም የዚያው ክለብ 150 ነጥብ እንዳለው፣ ነገር ግን ከሰው ላይ ስለገዛው አንዱን ከ100 ዶላር በታች እንዳገኘው ተናገረ።

አክስቴ ልጇን አየችው። ያን አስተያየት የሚያውቀው፣ በሬ እየነዳ ከገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ «በስንት ገዛኸው?» ተብሎ መልሱን የተናገረ ሰው ብቻ ነው።

«ሰልባጅ ነው!» አለ የአክስቴ ልጅ ፊቱ ቀልቶ።

«ነጥብ እንዴት ሰልባጅ ይሆናል?» አለ ያኛው። «አንሶላውን እንደሆነ ለእኔም ላንተም የሚያጥበው አንድ ሰው ነው።»

በእውነቱ ሁለቱም ያለ ምክንያት አልተከራከሩም። ከሰው ላይ የሚገዛ ሰው ደላላ ያነጋግራል፣ በዋጋ ይከራከራል፣ ውል ይፈርማል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ይጠብቃል፤ ምክንያቱም ክለቡ የቅድሚያ መብት አለው። ሻጭና ገዢ የተስማሙበት ውል ለክለቡ ይቀርብና፣ ከፈለገ በዚያው ዋጋ ራሱ ያስቀረዋል። ሻጩ ምንም አይጎድልበትም፤ ገንዘቡን ያው ያገኛል። ባዶ እጁን የሚቀረው ገዢው ነው። ይህን ሕግ ጎጃም የሚያውቀው የፍሎሪዳን ስም ከመስማቱ በፊት ነው፤ ርስት ለባዳ ሊሸጥ ሲል ከየት መጣ ሳይባል ዘመድ ብድግ ብሎ «እኔ እያለሁ!» የሚለውን ማን ያጣዋል? ከዋናው የሚገዛ ሰው ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ወንበር ይሳብለታል፤ ቢፈልግ በዱቤ ይከፍላል፤ ሐሳቡን ቢለውጥ የፍሎሪዳ ሕግ ውሉን የሚያፈርስበት 10 ቀን ይሰጠዋል። (አሥር ቀን ለእኛ ይበቃል ወይ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው፤ እኛ በግ ገዝተን እንኳ ሥጋው ካለቀ በኋላ ነው የምንጸጸት።)

ትልቁ ልዩነት ግን ከዚህም ያልፋል። ከጃንዋሪ 19 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀድሞዎቹ 14 ማረፊያዎች ከሰው ላይ የተገዛ ነጥብ በእነዚያው በ14ቱ ያሳድራል እንጂ፣ ከዚያ ወዲህ በተከፈቱት አያስገባም። በዚያው ዓመት መጨረሻ የተከፈተውን፣ ሪቪየራ የሚባለውን ማረፊያ ነጥብ ከሰው ላይ የገዛ ደግሞ ሪቪየራ ብቻ ያድራታል። ይህን በበቅሎ ላስረዳው። ከደምበጫ ገበያ በቅሎ ገዝተህ ስታበቃ፣ በቅሎዋ ደምበጫና ፍኖተ ሰላም እንጂ ቡሬ አትሄድም፤ ቡሬ እንድትወስድህ ከፈለግህ ከአርቢዋ እጅ በእጥፍ ዋጋ መግዛት ነበረብህ እንደ መባል ነው። በቅሎዋ ያችው ናት፣ እግሯም አራት ነው፣ ቡሬ በር ላይ የሚያቆማት ወረቀቷ ነው።

ወረቀት ካልሁ አይቀር የአባልነት ካርዱንም ላንሣ። ከኤፕሪል 2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከሰው ላይ የገዛ ሰው፣ ከዋናው የገዛው የሚያገኛቸውን አንዳንድ ጥቅሞች አያገኝም፤ በምግብ ቤቶች የሚደረገው ቅናሽ፣ የመዝናኛ ቦታው የዓመት መግቢያ ቅናሽ፣ ኤፕኮት በሚባለው ግቢ ደግሞ አባላት አረፍ ብለው ለስላሳ በነጻ የሚጠጡበት ክፍል ለባለ ካርዶቹ ነው። የአክስቴ ልጅ ስለዚህ ክፍል ሲናገር ድምፁ ተለወጠ። የሶፋውን ልስላሴ፣ የመስኮቱን ስፋት፣ በሩ ላይ ካርዱን ሲያሳይ የሚደረግለትን ፈገግታ አንድ በአንድ ገለጸልን። የፍኖተ ሰላሙ ልጅ ጣቶቹን እያጠፈ በልቡ ሲያሰላ ቆየና፣ በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት ከ15,000 ዶላር በላይ መሆኑን፣ በዚህም ሒሳብ ለስላሳው በዓለም ላይ ውዱ ለስላሳ መሆኑን አስታወቀ።

እኔ ግን የአክስቴን ልጅ ለመኮነን አልቸኮልሁም። «ከዋናው ነው የገዛሁት» የሚለው ቃል በእኛም አገር በብር ይሸጣል። በርበሬው ያው በርበሬ ሆኖ ሳለ ከወንበርማ በሰው በሰው የመጣ ነው ለማለት ተጨማሪ የማይከፍል ባለ ሠርግ አላየሁም፤ ጤፉንም እንግዶቹ «ያዴት ነው?» ብለው እንዲጠይቁት ሲል በውድ የሚገዛ አውቃለሁ። በሠርጉ ድንኳን ከፊት የሚቀመጠውና ከምሰሶው ጀርባ የሚቀመጠው የሚበሉት ከአንድ ድስት የወጣ ወጥ ነው፤ ከምሰሶው ጀርባ የተቀመጠው ግን ለሰባት ዓመት ያኮርፋል። ታዲያ የፊት ወንበር ዋጋ ፍሎሪዳ ላይ በነጥብ ተተምኖ ቢወጣ የምን መደነቅ ነው?

ይልቅ እኔን የገረመኝ እቁብ ነው። በእቁብም ዕጣ ይሸጣል፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ለቸኮለ ባልንጀራው ለቅቆ ትርፍ ያገኝበታል። እዚያ ግን የሚሸጠው ነው የሚከስረው። ነገሩን ሳወጣው ሳወርደው፣ የእቁብ ዕጣ ሁልጊዜ የቸኮለ ገዢ አለው፤ ልጁን የሚድር አለ፣ ቤት የሚጀምር አለ፣ የባንክ ቀን የደረሰበት አለ። የዕረፍት ነጥብ ገበያ ላይ ግን የቸኮለው ሻጩ ነው፤ ትዳሩ የፈረሰ፣ ልጆቹ አድገው አብረውት መሄድ የተዉ፣ መዋጮው የሰለቸው ሰው ነው። ለማረፍ የሚቸኩል ገዢ ከየት ይመጣል?

እስከዚህ ድረስ ጥግ ይዘው፣ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው ላይ አጋድመው ያዳምጡ የነበሩት ጎረቤታችን የኔታ ናቸው። ዕድሜያቸውን በቅኔ ቤት የጨረሱ ሰው ስለሆኑ ነገር ካልተነበበላቸው አይፈርዱም።

«ልጄ፣ እስቲ ውሉን አንብብልኝ» አሉ።

የአክስቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ እየመለሰ፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ትንፋሽ እስኪያጥረው አነበበ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና «ባለቤቱ ማነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«እኔ ነኛ፣ የኔታ።»

«የቤቱን አላልሁም። የዓረፍተ ነገሩን ነው።»

ልጁ ወደ ስልኩ ተመለሰ። አስተዳዳሪው ይወስናል፤ አስተዳዳሪው የመዋጮውን ልክ ያሳውቃል፤ አስተዳዳሪው ደንቡን ሊያሻሽል ይችላል፤ ባልከፈለ አባል ላይ አስተዳዳሪው እንዲህ ያደርጋል። እያነበበ ሲሄድ ድምፁ እየቀነሰ መጣ።

«በሁሉም አንቀጽ ባለቤቱ እሱ ነው» አሉ የኔታ። «አንተ የምትገኘው መካከል ላይ፣ ‹ን› ተጨምሮብህ ነው። ተሳቢ ነህ፣ ልጄ።»

የፍኖተ ሰላሙ ልጅ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። የኔታ ወደ እሱ ዞሩ። «አንተም ተሳቢ ነህ። በግማሽ ዋጋ ተሳብህ እንጂ።»

የአክስቴ ልጅ የቀረችውን አንዲት ጥይት ተኮሰ። ባልንጀራው የገዛው የጥንቱን ማረፊያ ስለሆነ ውሉ በጃንዋሪ 2042 እ.ኤ.አ. ያበቃል፤ በእኛ አቆጣጠር ጥር 2034 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የረከሰውም አንድም በዚህ ምክንያት ነው፤ የእሱ የሪቪየራው ግን እስከ 2070 ይዘልቃል። እውነቱን ለመናገር ይህ ጥሩ ክርክር ነበር፤ ዋጋው ለቀረው ዓመት ሲካፈል የሁለቱ ልዩነት ይጠባል። አጎቴም ራሱን ነቀነቀ፣ አክስቴም ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈካ አለ።

«መዋጮውም እስከ 2070 ነው?» አሉ የኔታ።

ከዚህ በኋላ ስለ ነጥብ ያነሣ አልነበረም፤ ቡናውም በረካ ላይ ደርሶ ነበር።

ማታ ላይ ግን የአክስቴ ልጅ ሲቅበጠበጥ አየሁት። የእሱ የነጥብ ዓመት በጁን ወር ይጀምራል፤ ዘንድሮ ያልተጠቀመበትን ለከርሞ ማስተላለፍ የሚችለው በመጀመሪያዎቹ ስምንት ወራት ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ ቀነ ገደቡ በጃንዋሪ መጨረሻ ያልፋል። ዘንድሮ ደግሞ አንድም ሌሊት አልተኛበትም፤ ከመሥሪያ ቤቱ ያገኛትን የዓመት ፈቃድ ሁሉ ለጥምቀት ሰጥቷታል፣ እናቱ የራሷን አልጋ ለቅቃለት፣ እሷ መደቡ ላይ እየተኛች። ቤት ውስጥ ኔትወርክ አልነበረም። ስለዚህ በደብረ ማርቆስ የጥር ብርድ፣ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ ከአጥሩ እስከ ማድቤቱ ሲመላለስ ቆየ። አክስቴ ጋቢ ይዛ ወጥታ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለትና አጠገቡ ቆመች።

«ተላለፈልህ?» አለችው በመጨረሻ።

«ተላለፈ፣ እማዬ።»

«ታዲያ ለከርሞ ስንት ቀን ይሆንልሃል?»

«ሁለት ሳምንት ያህል ይሆናል።»

«ተመስገን። እንግዲያው ለከርሞ ለጥምቀት ብቻ ሳይሆን ከገና ጀምረህ ትመጣለህ» አለችና፣ በሩን ልትዘጋ ቀድማው ገባች።