ብቻህን? ምን ሆነህ?

ጅማ የሚኖር ሰው "ቅዳሜና እሁድ አዲስ አበባ ሄጄ ባንድ ልስማ፣ ጥሩ ክትፎ ልብላ፣ ብቻዬን ደርሼ ልምጣ" ብሎ ቢያስብ ምንም ነውር የለበትም። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። አውቶቡስ አለ፣ ደመወዝም ገብቷል። ጣጣው የሚጀምረው ለሰው የነገረ ዕለት ነው።

እኛ ሀገር ሰው ብቻውን የሚጓዘው በምክንያት ነው። ሕክምና፣ ለቅሶ፣ ሰርግ፣ ጸበል፣ ፍርድ ቤት፣ የቪዛ ቀጠሮ፣ ቢያንስ ቢያንስ የመኪና ዕቃ ፍለጋ። ከእነዚህ አንዱ ከሌለህ የዓመት ፈቃድ ቅጹ ላይ "ምክንያት" የሚለው ጋ ስትደርስ እጅህ ይደርቃል። እስኪ "ሙዚቃ ለመስማት" ብለህ ሙላ። የሰው ኃይሏ ሴትዮ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ "ስልክህ ላይ የለም እንዴ?" ትልሃለች። ሰኞ ጠዋት ለእሷ የነገርካት ከሰዓት ቢሮው ሁሉ ሰምቶታል። አንዱ "ሴት ሊያይ ነው" ይላል፣ ሌላው "በዚያው ሊቀር ነው፣ ፓስፖርቱን አሳድሷል" ይላል፣ ማክሰኞ ላይ ኩላሊትህ ታሟል። ረቡዕ ደግሞ አለቃህ ጠርቶህ "ደብቀኸን ነው እንጂ እኛስ መች ጨክነን" ብሎ በፖስታ የተዋጣ ብር ይሰጥሃል። ብትቀበል አጭበርባሪ ነህ። ብትመልስ ደግሞ "በሽታውን እንኳን ማስታመም የማይፈልግ ኩሩ" ትባላለህ።

የሚገርመው ይህ ሁሉ የሚሆነው የኢትዮ ጃዝ አባት በተወለደበት ከተማ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በ1936 ዓ.ም ጅማ ነው የተወለደው። በኋላ ቦስተን፣ በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ገብቶ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ ሆነ። ግን ልብ በል፣ እሱም ቢሆን መጀመሪያ ዌልስ የሄደው ኢንጂነሪንግ ለመማር ነበር። ኢንጂነሪንግ ምክንያት ነው። "ቫይብራፎን ልመታ" ብሎ ፈቃድ ቢጠይቅ ኖሮ ዛሬም ቅጹ ሳይፈረም ይቀር ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።

እናትህ ከሁሉም ትሻላለች። ለምን ብላ አትጠይቅህም። ዝም ብላ ማር መቅዳት ትጀምራለች። ማሩ በጀሪካን፣ ቡናው በፌስታል፣ ቅቤው በጣሳ፣ ሁሉም ለአክስትህ። ጎረቤት ይሰማና "ይቺን ብቻ" ይልሃል። "ይቺ" የሚሏት ነገር ሁልጊዜ ከአምስት ኪሎ አታንስም። አንድ ቦርሳ ይዤ ቀለል ብዬ እሄዳለሁ ያልከው ሰውዬ ሐሙስ ማታ አይሱዙ ሆነህ ታድራለህ።

አክስት ደግሞ ራሷን የቻለች ምዕራፍ ናት። ከጅማ የሚመጣ ሰው አዲስ አበባ የሚገባው በአየር ጤና በኩል ነው፣ አክስትህ የምትኖረውስ? አየር ጤና። በሯ ላይ አልፈህ ቦሌ ሆቴል መያዝ በቤተሰብ ሕግ ከባድ ወንጀል ነው። ስልክ ደውለህ "እትዬ፣ ሆቴል ይዣለሁ" በላት እስኪ።

"ሆቴል? እኔ ሞቻለሁ እንዴ?"

በቃ፣ አለቀ። ፍራሽ ተነጥፏል፣ ዶሮ ታርዷል። የግቢዋ በር ግን ማታ 2 ሰዓት ላይ ይቆለፋል፣ ባንዱ መጫወት የሚጀምረው ደግሞ 4 ሰዓት ነው። "ማምሸቴ ነው" ካልካት ብቻህን አትለቅህም፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጇን አጃቢ አድርጋ ትልክብሃለች። ልጁ የጃዝ ምሽቱን ሙሉ ቲክቶክ ሲያይ ያመሻል፣ የጠጣውን ማንጎ ጁስም አንተ ትከፍላለህ። እኔ የምመክርህ ይህ ነው፦ ማሩን አስረክብ፣ ዶሮውን ብላ፣ ቡናውን እስከ ሦስተኛው ጠጣ፣ ከዚያ "ወርክሾፕ አለኝ" በል። እዚህ ሀገር ወርክሾፕን የሚጠይቅ ሰው የለም። "አበል አለው" የምትለዋን ጨምርባት፣ እንዲያውም መርቃ ትሸኝሃለች።

አሁን ከተማው ውስጥ ነህ። የት ትሂድ? ምክር ከወዳጅ ጠይቀህ ከሆነ ተጠንቀቅ። የአዲስ አበባ ወዳጅህ የሚመራህ በሌለ ነገር ነው። "ዶሮ ማነቂያን ታውቀዋለህ? ከእሱ ትንሽ ወረድ ብለህ..." ይልሃል። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ፈርሷል። "ካዛንቺስ ሂድ፣ አዝማሪ ቤት በአዝማሪ ቤት ነው" ይልሃል ሌላው። ካዛንቺስ በ2017 በኮሪደር ልማት ተነሥቷል፣ ስንት ፈረንጅ ያጨበጨበለት የባህል ሙዚቃ ቤት፣ ፈንዲቃ ሳይቀር የድሮ ግቢውን ለቋል። "ጣይቱ ሆቴል ጃዝ አምባ አለልህ" የሚልህ ደግሞ አዳራሹ በጥር 2007 መቃጠሉን ወይ አልሰማም ወይ ልቡ አልተቀበለውም። ስለዚህ ፍቅር ያለበትን ምክር ሁሉ ስማ፣ አመስግን፣ ከዚያ የራይድ ሹፌሩን ጠይቅ። ትናንት ማታ ሰው ያደረሰው እሱ ነው።

የቀን መቁጠሪያም አትርሳ። በሁዳዴ 55 ቀን ውስጥ ከሄድክ ክትፎውም ሙዚቃውም ቀዝቅዞ ይጠብቅሃል። ረቡዕና ዓርብም የጾም ቀን ናቸው፣ ግን ለብቸኛ ተጓዥ በያይነቱ ክፉ አይደለም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩ ትሪው ላይ ከበው ስለሚያጅቡህ ብቻህን አትመስልም።

የፍስኩ ቀን ነው ፈተናው። ሥጋ ቤት ገብተህ "ሩብ ኪሎ ቁርጥ" ስትል ቆራጩ ቢላዋውን አየር ላይ ያቆመዋል።

"ለስንት ሰው ነው?"

"ለእኔ።"

"እሺ፣ ሌሎቹ እስኪመጡ..."

"የሚመጣ የለም።"

ዝም ይላል። ከዚያ ዓይኑን ሰበር አድርጎ ከለመደው ጮማ ጨመር ያደርግልሃል። የሐዘን ጮማ ነው፣ ዝም ብለህ ተቀበል። አስተናጋጁ ሁለት ብርጭቆ ያመጣል፣ አንዱን መልሶ ይወስዳል። ከጎንህ ያሉት "ወንበሩ ሰው አለው?" ይሉሃል፣ የለውም ስትል ይወስዱታል፣ ሌላውም ይመጣል፣ ሌላውንም ይወስዳል፣ በመጨረሻ ትልቅ ጠረጴዛ ላይ በአንድ ወንበር ፈተና የተቀመጠ ተማሪ መስለህ ትቀራለህ። ወንበሩን የወሰዱት ሰዎች ግን ኅሊናቸው ይወቅሳቸዋል። "እንብላ!" ይሉሃል። "ብሉ፣ እኔም አዝዣለሁ" ትላለህ። ማን ሰምቶህ! ትልቅ ጉርሻ ከማታውቀው ሰው እጅ ወደ አፍህ ይመጣል። "በሞቴ!" ብሎሃልና አፍህን ትከፍታለህ። አንድ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል። ያንተ ሩብ ኪሎ ሲመጣ ጠግበሃል።

ሴት ከሆንሽ ደግሞ ይህን ሁሉ በእጥፍ አስቢው። ወንዱን "ምን ሆነህ?" ይሉታል፣ አንቺን ግን "ማንን እየጠበቅሽ ነው?" ነው የሚሉሽ። ጠረጴዛሽ ላይ ያላዘዝሽው ቢራ ይመጣል፣ ላኪው ከማዶ ብርጭቆውን ከፍ ያደርጋል፣ ብትመልሺው ኩራተኛ ነሽ፣ ብትቀበይው ደግሞ ወንበሩን ይዞ ይመጣል። እዚህ ላይ የሚያስቅ ነገር ብዙም አይታየኝም። አንዲት ሴት ሳክስፎን ሰምታ ሒሳቧን ከፍላ መሄድ ይቻላታል፣ ይህን ያህል ምሥጢር የለውም።

የባንድ ቤቶቹ ውስጥ አንድ ነገር ታያለህ። ፈረንጅ ጥግ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ ጭንቅላቱን ሲነቀንቅ ቱሪስት ነው። "ሙዚቃ ገብቶታል" ይባላል። አንተ በዚያው ጥግ በዚያው አኳኋን ስትነቀንቅ አስተናጋጇ መጥታ "ወንድሜ፣ ደህና ነህ? ውሃ ላምጣልህ?" ትላለች።

አዝማሪ ቤት ግን ጥግ የሚባል ነገር የለም። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ሁሉም ፊት ለፊት ነው፣ ጠጁ በብርሌ ይመጣል። ሁሉም ከወዳጁ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ አንተ ብቻ በግራም በቀኝም ክፍት ሆነህ ስትታይ፣ አዝማሪው ማሲንቆውን አስተካክሎ ወዳንተ ይመጣል። "ከየት ነህ?" ይልሃል። ጅማ ብለሃል፣ መቼም አትዋሽም።

የጅማው እንግዳ ብቻውን ቁጭ ብሏል፣
ሚስት አባርራው ነው ወይስ ብድር በልቷል?

ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። አሁን ሁለት ምርጫ አለህ። አንዱ ብር አውጥቶ ግንባሩ ላይ መለጠፍና ወደ ሌላ ሰው እንዲሄድ መለመን ነው። ሁለተኛው "ተቀበል!" ብሎ የራስን ስንኝ መስጠት ነው፣ ይህ ግን ለደፋር ነው፣ አዝማሪው መልስ አያጣም፣ ደግሞም ቤቱ ሁሉ ከእሱ ጋር ነው። ብሩን ለጥፍ። ለጥፈህም አትድንም፣ አሁን "ሰጪ" መሆንህ ታውቋልና እየተመለሰ ያወድስሃል፣ አያትህን ሳይቀር ፈረስ ላይ ያወጣልሃል።

እስክስታው ሲሞቅ አንዷ ትመጣና ትከሻዋን ይዛ ፊትህ ላይ ትቆማለች። ተነሥ። እንቢ ብትል ሐዘን ላይ መሆንህ ተረጋገጠ። ትከሻህ ቢሳሳትም ማንም አይስቅብህም፣ ሁሉም ራሱ ላይ ተጠምዷል። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሲሆን ላብህን ጠርገህ፣ ራይድ ጠርተህ፣ ሒሳብ ትጠይቃለህ። አስተናጋጁ "ተከፍሏል" ይልሃል።

"ማን ነው የከፈለው?"

ወደ በሩ ያመለክትሃል። ወፍራም ሰውዬ ኮቱን እየለበሰ ነው። በሕይወትህ አይተኸው አታውቅም። አጠገብህ ሲደርስ ትከሻህን ጨበጥ አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"አይዞህ ወንድሜ፣ እኔንም ጥላኝ ሄዳ ነበር" ይልሃል።