ስለ ወተትና አፍላቶክሲን የተሰራጨ መረጃ ማስተካከያ

ሰሞኑን በፒያሳና በአራት ኪሎ አንዳንድ ወተት ቤቶች በር ላይ የተለጠፈው ማሳሰቢያ፣ የአዲስ አበባ ወተት ከመቶ 92 እጁ አፍላቶክሲን በተባለ የሻጋታ መርዝ የተመረዘ መሆኑንና ከተፈላ ግን መርዙ እንደሚጠፋ ይገልጻል። አሃዙ መነሻ አለው፤ አተረጓጎሙና የቀረበው መፍትሔ ግን መታረም አለባቸው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉ ውስጥ አፍላቶክሲን ኤም1 የተባለውን፣ በወተት ውስጥ የሚገኘውን የዚህ መርዝ ዓይነት አግኝቷል። የአውሮፓ ኅብረትን ጣሪያ፣ ማለትም 0.05 ማይክሮግራም በሊትር፣ ያላለፉት 9 ብቻ ሲሆኑ፣ 92 የተባለውም ጣሪያውን ያለፉት 101 ናሙናዎች በመቶኛ ሲሰሉ የመጣ ነው። የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ አውጪ የኮዴክስ መለኪያ በሆነው 0.5 ማይክሮግራም ሲመዘን ግን ከጣሪያው ያለፉት 29 ናቸው፤ ይህም ቢሆን ቀላል አይደለም።

ዋናው ስሕተት ያለው ማፍላቱ ላይ ነው። ማፍላት የቲቢንና የብሩሴላን ተሕዋስያን ስለሚገድል ፈጽሞ መቅረት የለበትም፤ አፍላቶክሲን ግን ሻጋታ የሚያመነጨው ኬሚካል እንጂ ሕይወት ያለው ነገር ባለመሆኑ፣ የምድጃውን ሙቀት ተቋቁሞ ወተቱ ውስጥ ይቀራል። ላሚቱ የሻገተ መኖ ስትበላ ጉበቷ አፍላቶክሲን ቢ1ን ወደ ኤም1 ይለውጠውና ከወተቷ ጋር ይወጣል፤ በጥናቱ በዋና ምንጭነት የተጠቀሰውም የኑግ ፋጉሎ ነው። እንግዲህ ማሳሰቢያው መለጠፍ የነበረበት ከወተት ቤቱ ይልቅ፣ የፋጉሎው ጆንያ እርጥብ ወለል ላይ ተደርድሮ በሚከርምበት የመኖ መጋዘን በር ላይ ነው። መኖው በንጹሕ ሲተካ በወተቱ ውስጥ ያለው መጠን በጥቂት ቀናት ይወርዳል።