የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባል ሲናገር ማንን ወክሎ ነው?

ሰሞኑን እዚህ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ቡና እየጠጣን፣ ቴሌቪዥኑ የልዑካን ቡድን ከውጭ እንግዶች ጋር ሲጨባበጥ ያሳያል። ብሔር ብሔረሰቦች የሚወከሉበት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው አልኩ። «እሱ ደግሞ ምን ይሠራል?» አለኝ አንድ ወዳጄ። ጥያቄው እስካሁን ይከነክነኛል።

ምክር ቤቱ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ጎረቤቶቻችን ካፋ፣ ዳውሮና ሌሎቹ በ2014 በጋራ የራሳቸውን ክልል ሲመሠርቱ ጉዳያቸው ያለፈው በእሱ በኩል ነው። ሌላው ጎረቤታችን የየም ብሔረሰብ ቁጥሩ ጥቂት ቢሆንም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 61 መሠረት ቢያንስ አንድ ወንበር አለው፤ ከዚያ በላይ በየአንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ይጨመራል። ክልሎች ከፌዴራል የሚያገኙት ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስነውም እሱ ነው። ጤና ጣቢያችን በጀት አነሰው ስንል ነገሩ እዚያም ይደርሳል።

አባላቱ ውጭ ሲሄዱ ይህን ይንገሩልን። የባህል ልብሳቸው ያምራል፣ ይልበሱት። ግን የሌላ አገር ሴናተር «ከታችኛው ምክር ቤት የመጣ ስንት ረቂቅ ሕግ መለሳችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ ይኑራቸው። የእኛው ሕግ አያወጣም፤ ሕገ መንግሥት ይተረጉማል። ብዙ አገር ይህን ሥራ ለፍርድ ቤት ሰጥቷል። የእኛ አካሄድ በአገር ውስጥም ያከራክራል፣ አባሉ ክርክሩን ሳይደብቅ ያስረዳ፤ ለአገር ገጽታ ተብሎ የሚሸፈን ነገር አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የአባላቱ አንደበት ነው። በ2012 በኮሮና ምክንያት ምርጫው ሲራዘም የሕገ መንግሥት ትርጉሙን የሰጠው ይኸው ምክር ቤት ነበር። እንዲህ ያለ ጉዳይ ነገም ይመጣል። ዳኛ ክርክሩን ሳይሰማ ፍርዱን ፌስቡክ ላይ ቢለጥፍ ማን ያምነዋል? አባሉ የብሔሩ ወኪል ስለሆነ የሕዝቡን ጥያቄ ማንሳቱ መብቱ ብቻ ሳይሆን ግዴታውም ነው፤ ነገር ግን ምክር ቤቱ ገና ባልወሰነው ጉዳይ ላይ «አቋማችን ይህ ነው» ብሎ ማይክ ፊት ሲቆም የሌላውን ሁሉ ድምፅ ነጠቀ ማለት ነው። የግል ሐሳቡ ከሆነ የግሌ ነው ይበል። በቃ።

ከጉዞ ሲመለሱ ደግሞ ወደ እኛም ይምጡ። ምን ተጠየቁ፣ ምን መለሱ፣ ምን ፈረሙ፣ ስንት ወጣ? በኦሮምኛም በአማርኛም ይንገሩን። ጅማ አዳራሽ አላት። ወዳጄ ጥያቄውን ይዞ ይመጣል፣ እኔም አብሬው።