ዋንጫ የበላነው እኛ ነን

«በ1942 ዋንጫ በላን» አለኝ።

ይህን ያለኝ ሰው ኮሎምበስ ኦሃዮ የገባው ከኔ በኋላ ነው። ኤርፖርት ሄጄ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ስለ ኦሃዮ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ሻንጣው አብሮት አለመድረሱን ብቻ ነበር። ዛሬ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲን የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ቀይ ማሊያ ለብሶ፣ በሰው ልጅ ክርስትና ላይ፣ የዶሮ ብልት በእጁ ይዞ «በላን» ይለኛል። እናንተ እነማን ናችሁ? በፈረንጆቹ 1942 እኮ አባትህም አልተወለዱ። ጣሊያን ከሀገራችን ከወጣ ገና ዓመት ከመንፈቁ ነበር። አያትህ በዚያ ሰዓት የጠፋ በሬ ፍለጋ ላይ ናቸው።

በላን ያለው ዋንጫም ቢሆን ጣጣ አለበት። በዚያ ዓመት ኦሃዮ ስቴት ዊስኮንሲን ሄዶ ተሸንፎ ተመልሷል። ምክንያት ተብሎ የሚወራው ባቡር ላይ የጠጡት ውሃ ነው፤ ተጫዋቾቹን ሆዳቸውን አሟቸው ነበር። ጨዋታው እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚያ መጥፎ ውሃ ነው። ደግሞ ያንኑ 1942 ጆርጂያም የኔ ነው ትላለች። አትላንታ ዘመድ ካላችሁ ደውሉና ጠይቁት። እሱም «በላን» ይላችኋል።

ለማያውቅ ላስረዳ። ይህ የአሜሪካኖቹ የኮሌጅ ፉትቦል ከመቶ ዓመት በላይ የረባ የፍጻሜ ጨዋታ አልነበረውም። ሻምፒዮኑ በምርጫ ነበር። ከ1936 ጀምሮ አሶሺየትድ ፕሬስ ጋዜጠኞችን ድምፅ ያሰጣል። ቆይቶ አሰልጣኞቹም የራሳቸውን ምርጫ ጀመሩ። «አንደኛውና ሁለተኛው እስቲ ሜዳ ላይ ይለይላቸው» የሚል ሁነኛ አሠራር የመጣው በ1998 ነው። ስለዚህ በአንድ ዓመት ሁለትም ሦስትም ሻምፒዮን ይገኛል። 1970ን ነብራስካም፣ ቴክሳስም፣ ኦሃዮ ስቴትም የኛ ነው ይላሉ። ቴክሳስና ኦሃዮ ስቴት የዚያን ዓመት የመጨረሻ ጨዋታቸውን ተሸንፈዋል። ተሸንፎ ዋንጫ! ባለ ማሊያው ግን እሱንም ቆጥሮታል። ዘጠኝ ሞላለት።

ከዚያ ሶፍት ስቦ፣ ከአንዲት ልጅ እስክሪብቶ ተውሶ የባላባቶቹን፣ ማለትም ባለ ታሪክ የሚባሉትን ታላላቅ ቡድኖች፣ ዝርዝር ጻፈ። አላባማ፣ ኦሃዮ ስቴት፣ ሚሺጋን፣ ኖተርዳም፣ ኦክላሆማ፣ ቴክሳስ፣ ዩ.ኤስ.ሲ. (የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ)። ስምንተኛዋ ላይ እጁ ቆመ። ነብራስካ ትግባ ወይስ አትግባ? ከነብራስካዋ ኦማሃ ለክርስትናው የመጣ እንግዳ አለ። ቀይ ማሊያ የለበሰው እሱም ነው፤ የሱ ቀይ የነብራስካ ነው። ጭቅጭቁ ከዚህ ተነሣ። እኔንም ዳኛ አደረጉኝ። እንጀራዬን ልበላ ነበር እኮ የተቀመጥኩት!

መጀመሪያ መለኪያችሁ ምንድን ነው አልኳቸው። ዕድሜ ከሆነ ረትገርስና ፕሪንስተን በ1869 ነው የጀመሩት። ያን ዓመት በመላው አሜሪካ የተደረገው ጨዋታ ሁለት ነው። ሁለቱም በነሱ መካከል። አንዱን ይሄ አሸነፈ፣ አንዱን ያኛው። ሁለቱም ሻምፒዮን ተብለው ተጻፉ። ዋንጫ ከሆነ ደግሞ ፕሪንስተን 28 አለኝ ይላል፣ ዬል 27። እነዚህስ?

«እነሱ አይቆጠሩም። ድሮ ነው።»

ልብ በሉ። ባላባትነት በጥንት ነው ይላል፤ ጥንታውያኑን ግን ጥንታዊ ስለሆኑ ያስቀራቸዋል። ታሪክ የሚጀምረው የራሱ ቡድን ማሸነፍ ከጀመረበት ዓመት ነው። የሚያልቀውም የራሱ ቡድን ያሸነፈ ዕለት።

አላባማንማ ተዉት። በ1980ዎቹ የስፖርት ማስታወቂያ ክፍላቸው የድሮ መዝገብ ሲያገላብጥ ቆየና አምስት ዋንጫ ጨመረ። ማንም አዲስ ጨዋታ አልተጫወተም። ከአምስቱ አንዱ የ1941ዱ ነው። በ1941 አላባማ ሁለት ጊዜ ተሸንፋ በአሶሺየትድ ፕሬስ ምርጫ 20ኛ ነው የወጣችው። 20ኛ! እኔ 20ኛ ወጥቼ ካርዴን ይዤ ቤት የገባሁ ቀን የደረሰብኝን ጀርባዬ ያውቀዋል።

እርግጥ እኛም ከዚህ አልጸዳንም። «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። አባቴ ይወዱት ነበር። ችግሩ ተረቱን የሚናገረው ሁልጊዜ ባለ ዘሩ ነው፤ ባለ ልጓሙ ሲተርት ሰምቼ አላውቅም። ለጋብቻ ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ የሚስቴ አጎት ገና ሳይቀመጡ «ከማን ወገን ነው?» አሉ። ምን ይሠራል አላሉም። ይጠጣል ወይ አላሉም። የኔ ሽማግሌ ቆጠራ ጀመረ። አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እያለ ወደ ላይ ወጣ። አምስተኛው ላይ ሲደርስ አንድ ፊታውራሪ አበጀልኝ። አጎትየው ወዲያው ፈገግ አሉ፣ ጠጅ ተቀዳ። በኋላ ሽማግሌዬን «የምን ፊታውራሪ ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ታዲያ ባዶ እጄን ልመለስልህ?» አለኝ። አላባማ ውስጥ ያን መዝገብ ያገላበጠውን ሰውዬ አሁን ሳስበው ብዙም አልፈርድበትም። ፊታውራሪውም እስከ ዛሬ በሚስቴ ቤተሰብ ይከበራሉ።

እዚህ ሀገርማ ዘሩም ልጓሙም የለም። ልጁ ዘንድሮ እዚህ ይጫወትና ከርሞ ትራንስፈር ፖርታል የሚሉት የተጫዋቾች መዘዋወሪያ መዝገብ ገብቶ ከጠላት ቤት ብቅ ይላል። ደሙ ሄዶ ማሊያው ነው የሚቀረው። ገንዘብም ቢሆን ባላባት አያደርግም። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በ2023 አሰልጣኙን ለማሰናበት ብቻ ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረመ። ለመቅጠር አላልኩም፣ ለማሰናበት። ሶፍቱ ላይ ግን ስሙ የለም። እኔ የልጄን የትምህርት ክፍያ በየወሩ እየቆራረስኩ ስከፍል፣ ሰው ሥራ ባለመሥራቱ 75 ሚሊዮን! በቃ ይህን ልለፈው፤ ደሜ ይፈላል።

ስለ ማሰናበት ከተነሣ፣ ከዓመታት በፊት የተቀየምኩት አንድ ሰው አለ። አንድ እድር ውስጥ ነው። እድሩንም ሰውየውንም አልጠራም። ይህ ሰው «መሥራች አባል» ነው። እድሩ ከተመሠረተ ጀምሮ አንድ ወንበር ሲያነሣ አልታየም። መዋጮውን ገንዘብ ያዡ በስልክ እያሳደደው ነው የሚኖረው። ስብሰባ ላይ ግን አፉን የሚከፍተው «እኛ ይህን እድር ስንመሠርት» ብሎ ነው። አንድ ለቅሶ ላይ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ በቀጥታ አዳራሽ ሄድኩ። ውሃውን በካርቶን ተሸክሜ አስገባሁ። ወንበር ደረደርኩ። ቡናውን ጣድኩ። እሱ ኮቱን ለብሶ፣ ሽቶውን ተቀብቶ መጣና ከበሩ ላይ ሆኖ አየኝ። ይግባችሁ፣ «አይዞህ» አላለም። «ወንበሩ ጠማማ ነው» አለኝ። ጠማማ ነው! ከዚያም የፊተኛው ረድፍ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። በዚያው በጠማማው ላይ።

ያን ቀን ያልመለስኩትን መልስ እስካሁን ሻወር ቤት ውስጥ እለማመደዋለሁ።

የዚህ ሰው ዓይነት ቡድን ስንት አለ መሰላችሁ። ሚኒሶታ ሰባት ዋንጫ አለኝ ትላለች፤ የመጨረሻው የ1960 ነው። ሚኒያፖሊስ ስንት ሀበሻ እያለ ስሟን ለሶፍቱ የጠቆመ አንድ ሰው አልነበረም። መዋጮ ካቋረጡ ስለቆዩ ተሰረዙ። ነብራስካ ደግሞ የራሷን ሊግ እንኳን ለመጨረሻ ጊዜ ያሸነፈችው በ1999 ነው። ያኔ እኔ ጸጉር ነበረኝ። ኖተርዳምም ዋንጫ ካነሣ 1988 ነው፤ እሱን ግን ማንም አይጠይቀውም፣ ስሙ የቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ይሆናል።

ይህን እያልን ባለ ማሊያው የኛን ዝምታ እንደ መሸነፍ ቆጠረውና ወደ ጋሼ ዞረ። ጋሼ በዕድሜ የሁላችንም አባት ናቸው። ሶፋው ጥግ ቡናቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ 1954 ላይ እኮ አንድም ሳንሸነፍ ነው ዋንጫ የበላነው።»

ጋሼ ቀና አሉ። ፊታቸው በራ። «አዎ ልጄ! መች እረሳዋለሁ? ስታዲየም ነበርኩ።»

«እውነት? ውስጥ ገብተው?»

«ካታንጋ ነዋ። ከሌሊት ጀምሮ ነው የተሰለፍነው። ያ ሕዝብ፣ ያ ጩኸት!»

ባለ ማሊያው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከአንድ ሀበሻ አፍ እንዲህ ያለ ምስክርነት ሰምቶ አያውቅም። «ያኔ ልብ ነበር» አለ። «አሁን ያሉት ለገንዘብ ነው» አሉ ጋሼ። ተስማሙ። ሁለት ሰው እንዲህ ሲግባባ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«አሰልጣኙ ግን ቁጡ ነበር ይባላል» አለ ባለ ማሊያው። «ኋላ የሌላ ቡድን ተጫዋች በቡጢ መትቶ እኮ ነው የተባረረው።»

«ይድነቃቸው?!» ጋሼ ሲኒያቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ይድነቃቸው ተሰማ ሰው መታ?»

ነገሩ የገባችሁ ይመስለኛል። በፈረንጆቹ 1954 ዋንጫውን የወሰደው የዉዲ ሄይስ ኦሃዮ ስቴት ነው፤ ቡጢውም የሄይስ ነው፣ የ1978። በኛ 1954፣ ማለትም በ1962፣ ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን የወሰድነው እኛ ነን። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ሜዳው ላይ መንግሥቱ ወርቁ፣ ዋንጫውን የሰጡት ጃንሆይ።

አዎ፣ «እኛ» ብያለሁ። ይሄ ይለያል። አልተወለድኩም ነበር፤ ቢሆንም ይለያል።

የኦማሃው ሰው ግን ክፉ ነው። «ስንት ቡድን ነበር የተወዳደረው?» አለኝ። አራት አልኩት። «ስንት ጨዋታ ተጫወታችሁ?» ሁለት። ቱኒዚያና ግብፅ። «እንግዲህ» አለና እጁን ወደ ሶፍቱ ዘረጋ፣ «ፕሪንስተንንም ጻፈው።»

በዚህ ቀልድ የሳቀ ሁሉ ይቅር አይባልም። ባለቤቴም ስቃለች።

ደግሞ አላቆመም። የነብራስካ ስታዲየም፣ አለ፣ ከ1962 ጀምሮ ትኬቱ ተሸጦ ያላለቀበት ጨዋታ የለም። ያው የኛው 1962 መሆኑ ነው። ቡድኑ ቢሸነፍም ሕዝቡ ይመጣል። ጨዋታ ባለበት ቀን ሊንከን ያለው ስታዲየም ከኦማሃና ከራሷ ከሊንከን ቀጥሎ የግዛቲቱ 3ኛ ትልቅ ከተማ ይሆናል። «የናንተው የ1962 ባለ ዋንጫስ ዛሬ የት ይጫወታል?» አለኝ።

እዚህ ላይ ሳቁ ቀረ። ምን ልበለው? ኢትዮጵያ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍን፣ ከመሠረቱት ሀገሮች አንዷ ናት። መሥራች አባል! ስታዲየሞቿ መስፈርት አላሟሉም ተብለው ብሔራዊ ቡድኗ ስንት ዓመት የሜዳውን ጨዋታ በሰው ሀገር ሲጫወት ኖረ። «እንግዶቻችንን እንቀበላለን» እያልን አብረን እንግዳ ሆነን እንሄዳለን። ከፈረንጆቹ 1982 በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ 31 ዓመት ፈጅቶብናል። በየመግለጫው ግን መጀመሪያ የሚጠራው ያው 1954 ነው። መጸዳጃ ቤቱን ያላደሰ ኃላፊ ሁሉ ስለ ሉቺያኖ ሲያወራ ድምፁ ይርገበገባል። ሉቺያኖማ የራሱን ተጫውቶ ሄዷል። የናንተን ነው የምንጠይቀው፣ የልብስ መቀየሪያውን፣ የሣሩን፣ የመብራቱን!

ጋሼ «ተው ልጄ፣ ክርስትና ላይ ነን» አሉኝ። ተውኩት።

እንግዲህ ዳኛ ተብያለሁና ስለ ነብራስካ ልፍረድ። ትግባ። ዋንጫው ባይኖርም ወንበሩ ላይ ሰው አለ፤ እድራችን ውስጥ እንኳ ይህን የማያሟላ ስንት ባለ ኮት አለ። ስምንተኛ አድርጋችሁ ጻፏትና ሶፍቱን አጥፉት አልኳቸው። ባለ ማሊያው ቅር እያለው ጻፈ። የኦማሃው ሰው ፎቶ አንሥቶ ወዲያው ለዘመድ አዝማድ ላከው።

ሳልታጠብ ስልኬ ጮኸ። ናሽቪል ያለው የባለቤቴ ወንድም ነው። ቴነሲ ስድስት ዋንጫ እያላት እንዴት ትቀራለች ይላል። አላነሣሁለትም። ባለቤቴ አነሣችለት፣ «ዳኛው አጠገቤ ነው» ብላ።